ከደጃችን እስከ ባሕር

ዕረፍት ከሥራ መለየት ብቻ ሳይሆን የሠራተኛው አእምሮና አካል የሚታደስበት ጊዜ ነው፤ ይህን ሁላችንም እንናገራለን። ነገር ግን የመምህር ደመወዝ ይዞ ቤተሰብን ለዕረፍት ማውጣት እንደ አነጋገሩ ቀላል አይደለም። በመስከረም 2012 ዓ.ም. የገጠመኝን ለአንባቢ ላጫውት የተነሣሁትም ስለዚህ ነው።

ቡራዩ በሚገኘው ቤታችን ግድግዳ ላይ አባቴ በ1964 ዓ.ም. ምፅዋ ላይ የተነሣው አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ከጀርባው ቀይ ባሕር ይታያል። ታላቋ ልጄ ይህን እያየች አደገች። «ከክፍልሽ አንደኛ ከወጣሽ ባሕር አሳይሻለሁ» ብዬ ቃል ገባሁላት፤ ወጣች። ቃሉን ስሰጥ ግን ሒሳቡን አልሠራሁም ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ አገራችን የባሕር ዳርቻ የላትም፤ ጅቡቲ ለመድረስ ደግሞ የአራት ሰው ፓስፖርት፣ የባቡር ትኬትና የሆቴል ኪራይ ያስፈልጋል። ወጪውን በደብተር ላይ ጽፌ ብደምረው የሦስት ወር ደመወዜን የሚውጥ ሆነ።

ባለቤቴ ደብተሩን ተቀብላ አዲስ ገጽ ገለጠችና ሦስት መሥመር ጻፈች፦ ማደሪያ በቤታችን፤ ስንቅ ከቤታችን፤ ጉዞ በታክሲና በእግር። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ?» አለችኝ። ሦስቱን ቀን ለሰበታ፣ ለገፈርሳና ለሱሉልታ ደለደልን። ድፎ ዳቦ ተደፋ፤ ቆሎ ተቆላ፤ ጭኮ ተዘጋጀ። ለልጄ ግን ቃሌን ማጠፌን መናገር አቃተኝ።

በመጀመሪያው ቀን ከአየር ጤና ተሳፍረን ሰበታ ደረስንና ወደ መናገሻ ሱባ ደን አቀናን። ይህ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኝ ደን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ፣ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደ ተተከለ በትውፊት ይነገራል። ከጥንታዊዎቹ ጽዶች ሥር ተቀምጠን ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ እያየን ምሳችንን በላን። በመመለሻችን ልጄ የባቡሩን ሐዲድ አየች። ከሰበታ ተነሥቶ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅቡቲ የሚገባው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው መሥመር ነው።

«አባዬ፣ ወደ ባሕር የሚወስደን ይህ ነው?»

«አዎ፣ ወደ ባሕር ይሄዳል» አልኋት። «የሚወስደን» የሚለውን ቃል ግን ዘለልሁት።

በማግሥቱ ገፈርሳ ሄድን። የአዲስ አበባ ሕዝብ ለብዙ ዓመታት የጠጣው ውኃ ስለሆነ አይዋኝበትም፤ ከጉብታ ላይ ሆኖ መመልከት ግን ገንዘብ አይጠይቅም። በአገራችን ከፍተኛ ቦታዎች የሚኖሩት ሰማያዊ ክንፍ ያላቸው ዝዬዎች በዳርቻው ሣር ይግጡ ነበር። ነፋሱ ውኃውን ሲያናውጠው ትንሹ ልጄ «ባሕር!» ብሎ ጮኸ። እኅቱ ራሷን ነቀነቀች። «ማዶው ይታያል እኮ» አለች።

ከዚያ በላይ መሸሸግ አልቻልሁም። «ልጄ፣ ባሕሩን ዘንድሮ አላሳይሽም። አቅሜን ሳልመዝን ቃል ገባሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኋት። ተማሪ ፊት ብዙ ዓመት ቆሜያለሁ፤ እንደዚያን ቀን ያፈርሁበት ጊዜ ግን ትዝ አይለኝም። እቤት እስክንደርስ አልተናገረችም።

በሦስተኛው ቀን ከአዲሱ ገበያ ተነሥተን የእንጦጦን ዳገት ወጣን። መልክዓ ምድር ሲያስተምር የኖረ ሰው እዚያ ጫፍ ላይ ዝም ማለት አይችልም። በደቡብ በኩል የሚወርደው ዝናብ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ሐይቆች ይቀራል። የገፈርሳ ውኃ ዕጣውም ይኸው ነው። በሰሜን በኩል ወደ ሱሉልታ የሚወርደው ግን ሙገርን፣ ከሙገርም ዓባይን ተቀላቅሎ፣ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል። ይህን ስናገር ልጄ በዝምታ ታዳምጥ ነበር።

ሱሉልታ ሜዳ በአደይ አበባ ቢጫ ለብሶ ነበር፤ የክረምቱም ውኃ ገና አልሸሸም። ሯጮች ተከታትለው አለፉ። ልጄ ከአንዲት ቀጭን ጅረት ዳር ተንበርክካ እጇን ነከረች።

«ታዲያ ይህ ባሕሩን ያየዋል ማለት ነው?»

«ያየዋል።»

ያን ጊዜ ፈገግ አለች።

የሦስቱ ቀን ወጪ ሲደመር ለጅቡቲ ካሰብሁት አንድ አሥረኛ አልሞላም። ሦስቱም ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል፤ ቤቱም ወደ ሜዳው እየተጠጋ ነውና በቅርብ ያለውን ለማየት ቀጠሮ ማብዛት አያሻም። እኔ የተማርሁት ግን ሌላም ነው፤ ዕቅድ ያለንን መቁጠሪያ ብቻ ሳይሆን የሌለንንም ለልጆቻችን በግልጽ መናገሪያ ነው።

ያ ደብተር ዛሬም አለ። ከባለቤቴ ሦስት መሥመሮች በታች በልጄ እጅ ጽሑፍ አራተኛ ተጨምሯል፦ «ባሕር፣ በሌላ ዓመት።» በመካከሉ ያስቀመጥነው የገንዘብ ፖስታ ገና አልሞላም።