አንድ መጽሐፍ በሁለት ቋንቋ

አረካ ውስጥ አንድ የታሪክ መምህር አለ። የፈረንሳይንና የጀርመንን ጦርነቶች ሲያስተምር ከቢስማርክና ከሂትለር ይልቅ አልሳስ በምትባል የድንበር ግዛት ላይ ይቆያል። ተማሪዎቹ «ፈተና ላይ አይመጣም» እያሉ ያጉረመርማሉ።

በአውሮፓውያኑ 1871 ጀርመን አሸንፋ አልሳስን ወሰደች፤ ትምህርቱ ጀርመንኛ ሆነ። በ1918 ፈረንሳይ አስመለሰቻት፤ ትምህርቱም ፈረንሳይኛ ሆነ። በ1940 የሂትለር ጦር ገባ፤ ፈረንሳይኛ ተከለከለ። ከ1945 ወዲህ ደግሞ ተገለበጠ። ዕድሜ የሰጠው የስትራስቡርግ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ አራት ጊዜ አገር ቀይሯል።

መምህሩ እዚህ ሲደርስ ጠመኔውን ያስቀምጣል። በ1992 ዓ.ም. እሱም ተማሪ ነበር። የያኔው የሰሜን ኦሞ ዞን የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» የሚባል የመማሪያ ቋንቋ ያወጣበት ዓመት ነው። ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ ገበያ ላይ ሰዉ ብዙም አይቸገርም። መጽሐፉ ክፍል ሲገባ ግን ሶዶ ተነሳች። ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ታሰሩ። መጽሐፉ ተሰበሰበ፤ በ1993 ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ያቀራርባል የተባለው መጽሐፍ ዞኑን በተነው። አልሳስ ላይ ቋንቋ የቀየረው የጦር አዛዥ ነበር፣ እዚህ የቢሮ ሰው፤ ለተማሪው ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

ደጎልና አደናወር በጥር 1963 የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ከ40 ዓመት በኋላ የሁለቱ አገር ተማሪዎች የጋራ የታሪክ መጽሐፍ ይዘጋጅልን ብለው ጠየቁ፤ የመጀመሪያው ቅጽ በ2006 ወጣ። ይዘቱ አንድ፣ ቋንቋው ሁለት። (የጀመሩት ከ1945 ወዲህ ካለው ነው። ሁለቱን የዓለም ጦርነቶች የያዘው ቅጽ የወጣው በ2008 ነው። ከቀላሉ መጀመር ነውር የለውም።)

ዛሬ ወላይታ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ዳውሮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልል ነው። በመካከላቸው የሚፈሰው ኦሞ የክልል ድንበር ሆኗል። የዳውሮ ነገሥታት በወንዙ አቅጣጫ ያስገነቡትን የድንጋይ ካብ፣ ሃላላ ኬላን፣ አሁን ቱሪስት ይጎበኘዋል።

ባለፈው አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ካቡ የተሠራው ማንን ለመከላከል ነው?»

«ጎረቤቶችን። እኛንም ጨምሮ።»

«ታዲያ የእነሱ መጽሐፍ ስለ እኛ ምን ይላል?»

መምህሩ የዳውሮን መጽሐፍ አይቶት አያውቅም። ደወሉ እስኪደወል ስለ አልሳስ ቀጠለ።