የተሸናፊው ፊት



ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ ልጅ ስልኩን አሳየኝ። «ኡስታዝ፣ ይሄ ሰውዬ በፖከር ሚሊየነር ሆኗል፤ እኔም በስልኬ እየተለማመድኩ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። አሜሪካዊው የሒሳብ ሠራተኛ ክሪስ መኒሜከር በኢንተርኔት ከ100 ዶላር ባነሰ ገንዘብ ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ላስ ቬጋስ ካዚኖ ውስጥ 2.5 ሚሊዮን ዶላር በላ። ወላሂ፣ ለአፍታ እኔም ጎመጀሁ።

«ብሩ ከየት መጣ?» አልኩት። ተጫዋቾቹ 839 ነበሩ፤ መግቢያው 10,000 ዶላር። አብዛኞቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ካዚኖ ውስጥ ገንዘቡን የምትበላው ሰው ፊት ለፊትህ ተቀምጧል፤ በስልክ ግን ፊቱ አይታይህም።

ልጁ አቀረቀረ። «የእኔን የተበላሁት የእናቴን የዕቁብ ብር ነው» አለኝ።

ዒሻን ሰግደን አብረን ወደ እናቱ ሄድን።