የኅዳር 23 ምንዛሪ

ውሸቱ ሁለት ቃል ነበር፤ «ቀኑ አልፏል»። ኅዳር 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ጋምቤላ ገበያ፣ በገዛ ሱቄ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ተናገርኩት። ቀኑ አላለፈም። ገና አሥራ ሦስት ቀን ይቀረው ነበር።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ መስከረም 4 የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች መቀየራቸውን፣ የ200 ብር ኖት መጨመሩን ሲያስታውቁ ሬዲዮኔ ክፍት ነበር። ምክንያቱ ኮንትሮባንድ፣ ሐሰተኛ ኖትና ከባንክ ውጭ የተከማቸ ገንዘብ ነው ተባለ። ለመለወጫ ሦስት ወር ተሰጠ። ከ100,000 ብር በላይ የያዘ ግን በመጀመሪያው ወር እንዲያስገባ፣ ከ10,000 በላይ የሚለውጥም ሒሳብ እንዲከፍት ታዘዘ። ይህን ሁሉ በቃሌ ያዝኩት። ነጋዴ መመሪያ በቃሉ የሚይዘው ለመታዘዝ ብቻ አይደለም፤ ሌላው ያልሰማውን መስማት ራሱ ሸቀጥ ነው።

ክረምቱ ደግሞ ውሃ የበዛበት ነበር። በኢታንግና በላሬ በኩል ሰው ከብቱን ወደ ደረቅ መሬት ሲያሸሽ ከረመ። ብር የተቀየረው በዚያው ሰሞን ነው። ሦስት ወሩ አዲስ አበባ ላይ ሙሉ ሦስት ወር ነበር፤ መንገዱ ውሃ ውስጥ ለቆየበት ገጠር ግን የተረፈው ጥቂት ሳምንት ነው።

ሽማግሌው በአይሱዙ ተጭነው ከላሬ በኩል መጡ። «ማሌ» አሉኝ፤ እኔም «ማሌ» አልኳቸው። ከኑዌርኛ የማውቀው ከዚያ ብዙም አያልፍም። የቀረውን የሱቄ ልጅ ያስተረጉማል። ከጋቢያቸው ሥር ፌስታል አውጥተው ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት፤ ሁሉም አሮጌ የመቶ ብር ኖት፣ የጭስና የከብት ሽታ ያለው። የሁለት ወይፈን ዋጋ መሆኑን ነገሩኝ። ቆጠርነው፤ 14,600 ብር። «ይህን ባንክ እንዴት ላስገባ?» ነበር ጥያቄያቸው። ሊነግዱብኝ አልመጡም፣ ሊለምኑኝም አልመጡም። ምክር ፈልገው ነው የመጡት።

መልሱ ቀላል ነበር። ባንኩ ከሱቄ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። መታወቂያ አልነበራቸውም፤ ቢሆንም ቀበሌ ይዣቸው ብሄድ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቢፈጅ ነው፤ ጊዜ ነበር። እኔ ግን «የመጀመሪያው ወር አልፏል፤ ቀኑ አልፏል» አልኩ። የመጀመሪያው ወር ማለፉ እውነት ነው፤ ከ100,000 በላይ ለያዘ ሰው። ውሸቴን ከእውነት ቅዳጅ ነው የሰፋሁት፤ ለዚህ ነው ያን ያህል የተዋጣለት የሆነው።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። ሬዲዮኑን እሱም ይሰማል። ትንሽ ዘገየና ተረጎመው። ከሁሉ የሚከብደኝ ያቺ ዝምታ ናት። እኔ አንድ ሰው አታለልኩ፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ደግሞ በአፉ እንዲያታልል አደረግሁ።

«እንደምንም እኔ እፈልግልዎታለሁ» ብዬ መቶውን በስልሳ ገዛሁ። 8,760 ብር በአዲስ ኖት ቆጥሬ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው እጄን ጨብጠው ሄዱ። በማግስቱ ባንክ ተሰለፍኩ፤ ዘበኛው እጄ ላይ አልኮል ረጨ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ቆጠረች፣ ደረሰኝ ሰጠችኝ። ምንም የጠየቀኝ የለም። ትርፌ 5,840 ብር ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ እስከ ዛሬ በረሳሁት ነበር ብዬ እሰጋለሁ። ጥር ላይ ተመልሰው መጡ፤ ጨው፣ ሳሙናና የዓሣ መንጠቆ ሊገዙ። ደስ ብሏቸው ነው የሚያወሩት። ከእኔ ዘንድ እንደተመለሱ ለጎረቤት ሁሉ ነግረው ነበር፤ «ጋምቤላ ድረስ አትልፉ፣ ቀኑ አልፏል»። የበሬ ዋጋ በእንስራ ያስቀመጠች ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ልጆቿ አሁን በኖቶቹ ይጫወታሉ አሉ። ልጁ ይህን ሁሉ ቃል በቃል ተረጎመልኝ፤ እኔን ግን አላየኝም፣ መደርደሪያውን እያየ ነበር። «እኔ ነኝ የዋሸሁት» ማለት ሦስት ቃል ነው። ጨውን መዝኜ ሰጠሁ። ልጁ ከፋሲካ በኋላ ሥራውን ተወ፤ ምክንያቱን አልጠየቅሁትም።

በኋላ መጽናኛ ፈለግሁ። ሕንድ በ2016 እንደ አውሮፓውያን ዘመን አቆጣጠር የ500 እና የ1,000 ሩፒ ኖቶችን በአንድ ሌሊት ስትሽር፣ በዋጋ ሲታይ በዝውውር ላይ ከነበረው ጥሬ ገንዘብ 86 በመቶ ሆነው ሳለ፣ በመቶኛ እየቀነሱ አሮጌውን የሚገዙ እንደነበሩ አነበብኩ። በዚያው አቆጣጠር በ2023 ናይጄሪያ ኖቷን ስትቀይር የፖስ ማሽን ያላቸው ሰዎች ጥሬ ገንዘብን በኮሚሽን ሲሸጡ ነበር። ጋምቤላም ብትሆን ምኒልክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ከእንግሊዝ ጋር ከተፈራረሙት ውል በኋላ የንግድ ጣቢያ ሆና ያደገች ናት፤ የካርቱም እንፋሎት መርከብ በባሮ ሲመጣ ወሬ የቀደመው ነው ያተረፈው። «ለካ ብቻዬን አይደለሁም» አልኩ። መጽናኛው ሳምንት አልቆየም። ሕንዳዊው አታላይ የላሬዋን ሴት አያውቃትም።

አሁን የቴሌብር ወኪልም ነኝ። ሰዎች ስልካቸውን ከነሚስጥር ቁጥሩ ይሰጡኛል፣ መልእክቱን አንብብልኝ ይሉኛል። ጮክ ብዬ አነብበዋለሁ፤ ከዚያም ከደጅ የቆመ ተማሪ ጠርቼ ደግሞ እንዲያነብላቸው አደርጋለሁ። ይገርማቸዋል። ምክንያቱን አልነግራቸውም።

5,840 ብሩን በፖስታ ከትቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ግን እሱም ያው ገንዘብ አይደለም። ያን ኅዳር ዶላር 40 ብር አልሞላም ነበር፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ተነስቶ በጥቂት ሳምንት 100 አለፈ። ስለዚህ ፖስታው ውስጥ ሌላ ጨምሬበታለሁ። የሴትየዋን ግን ስንት እንደነበረ ስላልጠየቅሁ ምን እንደምጨምር አላውቅም።

ሽማግሌውን ካየኋቸው ቆየ። ከላሬ በኩል የምትመጡ፣ በዚያ ኅዳር ጋምቤላ ገበያ መቶውን በስልሳ መንዝረው የተመለሱ ሽማግሌ፣ ወይም እንስራ ውስጥ አሮጌ ብር የቀረባት ሴት የምታውቁ ካላችሁ፣ ቀኑ አላለፈም ነበር ብላችሁ ንገሩልኝ። ፖስታው መሳቢያው ውስጥ ነው።