በክር የታሰረችው ሪድ

በ1974 ዓ.ም. በአንድ አውራጃ ከተማ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ የትምህርት ቤቱ የኪነት ቡድን ኀላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። ይህም የሆነው የሙዚቃ ዕውቀት ስለ ነበረኝ አይደለም። በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ለጥቂት ወራት ክላርኔት መለማመዴን ርእሰ መምህሩ ከአንድ ወዳጄ ሰምተው ኖሮ «እንግዲያው ሰው አገኘን» አሉ። የቡድኑ ሀብት አንድ አኮርዲዮን፣ አንድ ከበሮ፣ አንድ ሳክስፎንና ሁለት ያገለገሉ ክላርኔቶች ነበር።

ክላርኔትና ሳክስፎን በመልክ ቢለያዩም አፋቸው አንድ ዐይነት ነው። ሁለቱም የሚናገሩት ሙዚቀኞች «ሪድ» በሚሏት አንዲት የሸምበቆ ስንጥር አማካይነት ነው። ሪዷ፣ ማውዝፒስ በሚባለውና ብዙውን ጊዜ ኢቦናይት ከተባለ ጠንካራ ጎማ በሚሠራው መንፊያ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ትጋደማለች። ተጫዋቹ ሲነፋ ጫፏ እየተርገበገበ የአየሩን መግቢያ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ድምፁም ከዚያ ይወለዳል። ይህ ጫፍ ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር ዐሥረኛ እጅ ያህል ብቻ ነው። የእኛም ዋሽንት የሚሠራው ከሸምበቆ ነው፤ ነገር ግን ሸምበቆ ለዋሽንት አካሉ ሲሆን ለክላርኔት ምላሱ ነው። ለሪድ የሚሆነው ሸምበቆ በተለይ በደቡብ ፈረንሳይ፣ ቫር በተባለው አውራጃ የሚበቅለው ስመ ጥር ነው። በሪድ ላይ ቁጥር ይጻፋል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሪዷ ትጠነክራለች። ጀማሪ በ2 ወይም በ2 ተኩል ቢጀምር ይበቃዋል።

ሪዷ በቦታዋ እንድትጸና ማውዝፒሱን ከነሪዷ የሚያቅፍ፣ በሁለት ትንንሽ ብሎኖች የሚጠብቅ የብረት ቀለበት አለ፤ ስሙም ሊጌቸር ይባላል። ቀለበቱ መያዝ የሚገባው የሪዷን የታችኛውን ወፍራም ክፍል ብቻ ነው። ወደ ጫፏ ከተጠጋ ወይም ብሎኑ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ድምፁን ያፍነዋል። ከላላ ደግሞ ሪዷ ወደ ጎን ትንሸራተትና መሣሪያው እንደ ተረገጠ ቡችላ ይጮኻል። ከሁለቱ ክላርኔቶቻችን ያንደኛው ቀለበት ብሎኖቹ ጥርሳቸው አልቆ ነበር። ክዳኑም ጠፍቷል። ክዳን የሌለው ማውዝፒስ ከአንድ ነገር ጋር በተጋጨ ቁጥር የሪዷ ጫፍ ይሸረፋል፤ የተሸረፈች ሪድ ደግሞ መጠገኛ የላትም። አዲስ ሪድ ለማግኘት የሚቻለው ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ብቻ ስለ ነበር አራት ሪዶችን ለአንድ ሙሉ ሴሚስተር ማብቃቃት ግድ ሆነብን።

ሌላም ችግር ነበረብን። የተጫዋቹ የላይ ጥርስ በማውዝፒሱ ላይ ስለሚያርፍ ንዝረቱ ጀማሪውን ይረብሸዋል፤ ጥርሱም አንድ ቦታ አይረጋም። ዛሬ ለዚህ ተብሎ ከ0.3 እስከ 0.8 ሚሊሜትር የሚወፍር፣ በራሱ የሚጣበቅ ስስ ጎማ ይሸጣል። እኛ ግን ከብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጠን በማስቲሽ አጣበቅን። ሽታው ተማሪዎቹን ምሳ ስላስጠላብኝ በሦስተኛው ቀን ልጬ ጣልሁት።

ክላርኔት ሊማሩ ከመጡት መካከል አንዱ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበር። አባቱ ጫማ ሰፊ ነበሩ፤ ልጁም ከትምህርት በኋላ አጠገባቸው ተቀምጦ ይሠራ ነበር። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ሲጫወት በራዲዮ ሰምቶ ልቡ ተሰልቦ ነበርና፣ ሳክስፎኑ በሌላ ልጅ ተይዞ ቢያገኘው ክላርኔቱን ያዘ። የደረሰውም ብሎኑ ያለቀበት ክላርኔት ነበር። ሁለት ወር ሙሉ መሣሪያው በእጁ ላይ ጮኸ። እኔም «ትንፋሽ የለህም» እለው ነበር። ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደ ተናገርሁ አላስታውስም፤ አንድ ጊዜ ግን በጓደኞቹ ፊት መናገሬን አልረሳውም። ቀለበቱን ተመልክቼው አላውቅም ነበር።

የአውራጃው እንግዶች ሊጎበኙን ሁለት ቀን ሲቀር፣ ልጁ ቀለበቱን አውጥቶ ሪዷን በሰም በታሸ የጫማ ክር አስሮ መጣ። ክሩን ከታች ወደ ላይ ጎን ለጎን ደርድሮ፣ ጫፉን በጥምጥሙ ውስጥ አሳልፎ ሸጉጦታል። ለጠፋውም ክዳን ምትክ ከቆዳ አፎት ሰፍቶለታል። ከዚያ ነፋ። ዛሬ ሳስበው ድምፁ የጠራ ነበር፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸም። ያን ቀን ግን ጆሮዬ ሳይሆን ዐይኔ ፈረደ።

«ይህ ጫማ ቤት አይደለም፤ ፍታው!» አልሁት።

«ጋሼ፣ እንዲህ ሲሆን እኮ አይንሸራተትም» አለኝ ቀስ ብሎ።

መልስ አልሰጠሁትም። ክሩን ፈትቶ በኪሱ ከተተ። በበዓሉ ቀን የተጫወተው ደኅናው ክላርኔት የደረሰው ልጅ ነው። እርሱም ከዚያ በኋላ ወደ ቡድኑ አልመጣም። መሣሪያውን ሲመልስ የቆዳውን አፎት በሳጥኑ ውስጥ ትቶት ሄደ። አፎቱን ያነሣሁት ከትምህርት ቤቱ ስዛወር ነው፤ ለምን እንዳነሣሁት ለራሴም አልገባኝም ነበር።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጅ ሆኜ ስሠራ፣ ለአንድ ምንባብ መረጃ ፍለጋ ስለ ሙዚቃ መሣሪያዎች የተጻፈ መጽሐፍ አገላበጥሁ። በጀርመን አገር፣ ኑረምበርግ በተባለች ከተማ፣ በ18ኛው ምእተ ዓመት መባቻ ዮሐን ክሪስቶፍ ዴነር የሠራው ክላርኔት ሪዱ በክር ይታሰር እንደ ነበር አነበብሁ። ባለብሎኑ የብረት ቀለበት የመጣው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው፤ ያስገባውም ኢቫን ሙለር የተባለ ክላርኔት ተጫዋች እንደ ሆነ ይነገራል። ይልቁንም ያስደነገጠኝ የሚከተለው ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ብዙ የጀርመን ክላርኔት ተጫዋቾች ዛሬም ቀለበቱን ትተው በክር ያስራሉ፤ ክር ሪዷን ከዳር እስከ ዳር እኩል ስለሚይዛት ነው። መጽሐፉን ከድኜ ከቤተ መጻሕፍቱ ወጣሁ። የዚያን ቀን ሥራ አልሠራሁም።

ዓምና የልጅ ልጄ ክላርኔት መማር ጀመረች። አባቷ በወርቅ የተለበጠ ቀለበት ሊገዛላት ፈልጎ ነበር፤ እኔ ግን ለጀማሪ እኩል የሚይዝ ተራ ቀለበት እንደሚበቃ፣ ገንዘቡ ለክዳን፣ ለሪዶችና ለሪድ ማስቀመጫ ቢውል እንደሚሻል ነገርሁት። ሪዷን ተጫውታ ስትጨርስ አውጥታ፣ ጠርጋ፣ በጠፍጣፋ ነገር ላይ እንድታደርቃትም አሳየኋት፤ በማውዝፒሱ ላይ እንደ ረጠበች ብትተዋት ትጣመማለችና። ባለፈው ጥቅምት የቀለበቷ ብሎን ተሰበረ። በማግስቱ ፈተና ነበረባትና አለቀሰች። እኔም ጠንካራ ክር አምጥቼ በሰም አሸሁት፤ ከታች ወደ ላይ ጎን ለጎን ደርድሬ አሰርሁላት። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ሁለት ጊዜ ፈታሁት። ከዚያም ከመሳቢያዬ ያን አሮጌ የቆዳ አፎት አውጥቼ ሰጠኋት።

«አባባ፣ ይህን ማን አስተማረዎት?» አለችኝ።

ስሙን ነገርኋት። እርሷም ክላርኔቱን አንሥታ ነፋች።