ዋናው መክፈቻ በማን እጅ ይሁን?



አማርኛችን በሩ ላይ የተገጠመውንም ኪሳችን ውስጥ ያለውንም «ቁልፍ» ነው የሚለው። የሸሚዙም ቁልፍ ነው። ዐረብኛው ግን ይለያቸዋል፤ የሚዘጋው ቁፍል፣ የሚከፍተው ሚፍታሕ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ልዩነቱ ስለሚያስፈልገን በሩ ላይ ያለውን ቁልፍ፣ በእጅ የሚያዘውን መክፈቻ እያልኩ ልቀጥል።

እዚህ ሰቆጣ የማገለግልበት መስጂድ ዘጠኝ የሚቆለፍ በር አለው። ዋናው በር፣ የሴቶች መስገጃ፣ የልጆች ማቅሪያ፣ የድምጽ ማጉያው ክፍል፣ የዘካ እህል የሚቀመጥበት መጋዘን እያለ ይሄዳል። መክፈቻዎቹ የሚውሉትም የሚያድሩትም እኔ ዘንድ ነው። በኅዳር ብርድ ጣት ደንዝዞ፣ ለሱብሒ በባትሪ እያበሩ ከዘጠኝ መክፈቻ አንዱን መለየት የሞከረው ያውቀዋል። ታዲያ አዲስ አበባ በብረታ ብረት ሥራ የኖረ አንድ ወንድማችን ለኮሚቴው ሐሳብ አቀረበ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መክፈቻ ይኖረዋል፤ አንድ ዋና መክፈቻ ግን ሁሉንም ይከፍታል። በፈረንጁ አጠራር ማስተር ኪይ የሚሉት ነው። ኮሚቴው ወደደው። ከመግዛታችን በፊት ግን እንዴት እንደሚሠራ እንየው ተባለና ወንድማችን አንድ አሮጌ ሲሊንደር ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈልን።

ሲሊንደር የምንለው በቁልፉ ሆድ ውስጥ የሚዞረው ትንሽ የነሐስ ድብልብል ነው። አብዛኛውን ጊዜ አምስት ጉድጓዶች ተሰልፈውበታል። በየጉድጓዱ ሁለት ፒኖች አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ተቀምጠዋል፤ ከላይ ቀጭን ሞላ ይጫናቸዋል። መክፈቻ ሳይገባ የላይኛው ፒን ግማሹ በሚዞረው፣ ግማሹ በማይዞረው አካል ውስጥ ስለሚሆን እንደ መወርወሪያ ያግዳል። ትክክለኛው መክፈቻ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ፒን በልኩ ያነሱታል። የሁለቱ ፒኖች መጋጠሚያ ከሲሊንደሩ ጠርዝ ጋር እኩል ይሆንና ይዞራል። ከአምስቱ አንዱ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ፍንክች አይልም። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ በግብጽና በኢራቅ ምድር በጥንት ዘመን ከእንጨት ይሠሩት ነበር። ዛሬ ያለውን መልክ ያስያዘው በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ሊነስ ዬል ነው።

ዋና መክፈቻ እንዲኖር ሲፈለግ በሁለቱ ፒኖች መካከል እንደ ሳንቲም የሳሳ ሦስተኛ ቁራጭ ይገባል። አሁን መጋጠሚያው ሁለት ሆነ። ባንደኛው ከፍታ የክፍሉ መክፈቻ ይዞራል፣ በሌላኛው ዋናው።

እዚህ ላይ አንድ ደረሳ የጠየቀው ጥያቄ ሁላችንንም ዝም አሰኘን። «አንዱ ጉድጓድ የክፍሉን ከፍታ፣ ሌላው የዋናውን ከፍታ ቢያገኝስ?» አለ። ይከፈታል! ቁልፉ ማን እንደመጣ አያውቅም፤ የሚያውቀው መጋጠሚያ ብቻ ነው። አምስት ጉድጓድ በየአንዳንዱ ሁለት ከፍታ ካለው፣ ሁለትን በራሱ አምስት ጊዜ ስናባዛ 32 ይመጣል። ሁለት መክፈቻ ብቻ ይቀበላል ብለን የምንገዛው ቁልፍ 32 ዓይነት መክፈቻ ይቀበላል ማለት ነው። ለምቾት የተጨመረችው ቁራጭ ጥበቃውን ሸራርፋዋለች።

ይህን ጉድለት ለመድፈን የተሠራ ያልተለመደ ቁልፍም አለ። ኮርቢን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በሲሊንደሩ ዙሪያ አንድ ቀለበት ጨመረ። አንዱ መክፈቻ ሲሊንደሩን ብቻውን ያዞራል፤ ሌላው ሲሊንደሩን ከነቀለበቱ። የተደባለቀ ከፍታ ከመጣ ሁለቱም አይዞሩም። እኔ በበኩሌ በዚህ አሠራር ተደንቄያለሁ፤ ሱብሓነላህ፣ በአውራ ጣት በምታክል ነሐስ ውስጥ ይህን ያህል ማሰብ። የዋናው መክፈቻ ግልባጭ የሆነም አለ። በአፓርታማዎች የሁሉም ነዋሪ መክፈቻ የግቢውን በር ይከፍታል፤ የጎረቤቱን ግን አይከፍትም።

በ2003 (እ.ኤ.አ.) ማት ብሌዝ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ የአንድ ተራ ክፍል መክፈቻ ያለው ሰው ከዚያ ተነሥቶ የዋናውን መክፈቻ ልክ ሊደርስበት እንደሚችል በጽሑፍ አሳየ። ከቁልፍ ሠሪዎች ብዙዎቹ ተቆጡ። የተቆጡት ግን ውሸት ነው ብለው ሳይሆን እኛ ድሮም እናውቀው ነበር፣ ለምን ታወጣዋለህ ብለው ነው።

ሐጅ ወይም ዑምራ የሄደ ዘመድ ካላችሁ ሻንጣውን ተመልከቱ። ቁጥር የሚዞርበት መቆለፊያ አጠገብ መክፈቻ ያልተሰጣችሁ ትንሽ ቀዳዳ ልታገኙ ትችላላችሁ። ያ ቀዳዳ የአሜሪካ ኤርፖርት ፈታሾች በዋና መክፈቻ እንዲከፍቱት የተተወ ነው። በ2014 (እ.ኤ.አ.) ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ የእነዚያን መክፈቻዎች ፎቶ አወጣ። በቀጣዩ ዓመት ሰዎች ከፎቶው ልኩን ወስደው በማተሚያ ማሽን ሠሯቸው። አንድ ፎቶ የሚሊዮኖችን ሻንጣ ከፈተ። ወጣቶች፣ የቤታችሁን መክፈቻ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ «አልሐምዱሊላህ አዲስ ቤት» ብላችሁ ፎቶ የምትለጥፉ፣ ይህን አስቡበት።

በፊቅህ ኪታቦች የስርቆት ባብ ውስጥ ሒርዝ የሚባል ነገር አለ፤ ንብረት በዓይነቱ የሚጠበቅበት ቦታ ማለት ነው። ልኩ በዑርፍ ይታወቃል። የበግ ሒርዝና የወርቅ ሒርዝ አንድ አይደለም። ብዙዎቹ ፉቀሃዎች ወደ ቦታው እንዲገባ የተፈቀደለት ሰው ቢወስድ፣ ጉዳዩ ከስርቆት ሐድ ይወጣና ኺያና ይሆናል ይላሉ። ይህን ከሲሊንደሩ ጋር ሳገናኘው ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ዋና መክፈቻ ለያዘ ሰው ዘጠኙም በር ክፍት ነው። በእሱ ላይ ቁልፍ የለም፤ ያለው አማና ብቻ ነው።

የከዕባን መክፈቻ ታሪክ ሁላችንም ሰምተነዋል። በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ መካ ስትከፈት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መክፈቻውን ከዑስማን ኢብኑ ጦልሓ ተቀበሉ፣ ገብተው ወጡ፣ ከቅርብ ዘመድ ጥያቄ ቢቀርብም ለዑስማን መለሱለት። ሙፈሲሮች የሱረቱ ኒሳእን 58ኛ አያ ከዚህ ጋር ያያይዙታል። እስከ ዛሬ በበኑ ሸይባ እጅ ነው። በሰኔ 2016 ሸይኽ ሷሊሕ አሽ-ሸይቢ ወደ አኺራ ሲሄዱም መክፈቻው ከቤተሰቡ አልወጣም። እኔን ግን ይበልጥ የሚያስገርመኝ የአል-ቁድሱ ነው። ክርስቲያኖች የዒሳ መቃብር ያለበት የሚሉትን ቤተ ክርስቲያን መክፈቻ የሚይዘው የሙስሊሙ የጆውዴህ ቤተሰብ ነው፤ በሩን የሚከፍተው ደግሞ ሌላ ሙስሊም ቤተሰብ፣ ኑሰይባ። የያዘው አይከፍትም፣ የሚከፍተው አይይዝም።

እኛም ብዙ ከተወያየን በኋላ የተስማማነው ወደዚህ ይጠጋል። ለስድስቱ በሮች ዋና መክፈቻ ይኑር፣ በመዝገብ ተፈርሞ ይያዝ። የዘካ መጋዘኑና የሰደቃ ሣጥኑ ግን ከዚህ ይውጡ፤ ለየአንዳንዳቸው በሁለት ሰው እጅ የሚገኙ ሁለት ጓጉንቸሮች ይደረጉላቸው ተባለ። አንድ አባት «ሁለት ሰው ጠርቶ እህል ማውጣት አይከብድም ወይ?» ሲሉ ሸይኻችን «ይክበድ» አሏቸው።

ያላለቀው የሴቶች መስገጃ ነው። እህቶች በዋናው መክፈቻ ውስጥ እንዳይገባ ጠይቀዋል፤ ማንኛውም ወንድ በፈለገ ሰዓት ሊከፍተው በሚችል ክፍል ሒጃባቸውን አውልቀው ውዱእ አያደርጉም። ኮሚቴው ደግሞ ማታ ቧንቧ ቢፈነዳ ወይም ኤሌክትሪክ ቢቃጠል ማን ይገባል ይላል። የእህቶቹ መልስ አጭር ነው፤ ከመስጂዱ ጀርባ የምትኖር አንዲት እናት አሉ፣ መክፈቻው እሳቸው ጋ ይደር፣ ችግር ሲኖር ይንኳኳ። እኔ የእህቶቹን ሐሳብ ደግፌያለሁ። ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል፤ እስከዚያ ዘጠኙም ወገቤ ላይ ናቸው።

ወላሁ አዕለም።