ቦደሌ፤ አቧራ የሚፈልቅባት ምድር

ውድ አንባቢ፤ ዛሬ ስንቅም ፓስፖርትም ሳያስፈልግዎ ወደ ሰሜን ቻድ እወስድዎታለሁ። የምንሳፈረው በአውሮፕላን አይደለም፤ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ አፍሪካን በየሰዓቱ ደጋግማ ፎቶግራፍ በምታነሣው ሜቴዎሳት በተባለችው ሳተላይት ነው።

ወሩ ጥር፥ ጊዜው ጧት ነው እንበል። በቲቤስቲ ተራሮችና በኤኔዲ አምባ መካከል ሰፊ በር አለ። ሌሊቱን በከፍታ ሲጋልብ ያደረው ኃይለኛ ነፋስ፥ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ወደ ታች ይወርድና በዚያ በር ወደ ቦደሌ ዝቅተኛ ምድር ይገባል። ቦደሌ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የታላቅ ሐይቅ ወለል ነበር፤ የዛሬው የቻድ ሐይቅ የዚያ ቅሪት ነው። ውሃው ሲደርቅ፥ ዲያቶም የሚባሉት ደቃቅ የውሃ ሕያዋን ዛጎል ነጭ ዱቄት ሆኖ ቀረ። ነፋሱ የሚዘግነው ይህንኑ ነው።

በተራ ፎቶግራፍ አቧራውን ከአሸዋው መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ መሣሪያው በዓይን የማይታየውን የሙቀት ጨረር ይለካል፤ በተቀነባበረውም ሥዕል አቧራው የጽጌረዳ ቀለም ይዞ ይወጣል። ወደ ደቡብ ደግሞ ወራቱ ሣር የሚቃጠልበት ስለሆነ ጢስ ይታያል። ጢሱን የሚያሳብቅበት ከሥሩ ያለው የእሳቱ ግለት ነው፤ እሱም በካርታው ላይ በቀይ ነጥብ ይመለከታል።

አቧራው ወደ ኒጄርና ወደ ናይጄሪያ ይገሰግሳል፤ ከሰሃራ የሚነሣውም አቧራ አትላንቲክን ይሻገራል። ካሊፕሶ የተባለችው ሳተላይት እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2013 የለካችውን የመረመሩ ሊቃውንት፥ በያመቱ በአማካይ 27.7 ሚሊዮን ቶን አቧራ በአማዞን ሸለቆ እንደሚወርድ፥ በውስጡም ለዛፎች ማዳበሪያ የሚሆን 22,000 ቶን ያህል ፎስፈረስ እንዳለ ገምተዋል። ከዚህ ስንቱ የቦደሌ ድርሻ እንደ ሆነ ግን ዛሬም ይከራከራሉ።

ይህን ሥዕል ለተማሪዎቼ ባሳየሁ ጊዜ «እንዴት ያምራል!» አሉ። አንዲት ልጅ ግን እጇን አንሥታ «የኔታ፥ ከሥሩ ያሉት ሰዎች የታሉ?» ስትል ጠየቀችኝ። ወዲያው መልስ አጣሁ። በእርግጥም ሥዕሉ፥ የልጇን አፍና አፍንጫ በጨርቅ የምትሸፍነውን እናት አያሳይም።

በኋላ ሳስበው ግን መልሱ ይህ ነው፤ ሥዕሉ የተነሣው ለእነርሱ ነው። አቧራው ጧት ቦደሌ ላይ ሲነሣ ከታየ፥ ናይጄሪያ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ለአውሮፕላን ነጂውም ለአስም ሕመምተኛውም የማስጠንቀቂያ ጊዜ ነው። ማስጠንቀቂያው ግን በጊዜው ካልተነገረ፥ ሥዕሉ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ፥ ውድ አንባቢ፤ እንዲህ ያለ ሥዕል አንድ ቀን ከቢሮዎ ጠረጴዛ ላይ ቢቀርብልዎ፥ ቀለሙን ከማድነቅዎ በፊት የልጅቱን ጥያቄ ያስታውሱ።