ፀሐይ ሳታሞቃቸው

ጅግጅጋ፣ ጥቅምት 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣ ሐረር

እኔ ፀሐዩ ካጠቆረኝ በቀር ደህና ነኝ። «አንበጣው የሚበርረው በቀን፣ አንተ የምትወጣው በሌሊት፤ ለምን?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ኔትወርኩ ተቋረጠ። እነሆ መልሱ።

የአንበጣ ገላ እንደ እኛ ሙቀቱን ይዞ አያድርም። የሚያበርሩት ጡንቻዎች ደረቱ ውስጥ ታጭቀዋል፤ ከላይ ወደ ታች የቆሙት ሲኮማተሩ የደረቱ ጣራ ዝቅ ይልና ክንፎቹ ይነሳሉ፤ ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጉት ሲኮማተሩ ጣራው ይጎብጥና ክንፎቹ ይወርዳሉ። ይህ በሰከንድ 20 ጊዜ ያህል ይመላለሳል። የዝንብና የንብ ጡንቻ በአንድ የነርቭ ትእዛዝ ደጋግሞ ይርገበገባል፤ አንበጣ ግን ለእያንዳንዱ ምት አዲስ ትእዛዝ ይፈልጋል። ጡንቻው ሲቀዘቅዝ ታዲያ ይንቀረፈፋል፣ መነሳት ያቅተዋል። ጀምበር ስትወጣ ጎኑን ለፀሐይ ሰጥቶ ይሞቃል፤ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ መንጋው ብድግ ይላል። እኛ መድረስ ያለብን ከዚያ በፊት፣ ማሽላው ላይ እንደተለጠፈ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት መርጫዬን አዝዬ የምወጣው ለዚህ ነው።

ገበሬው ጣሳ እየመታ፣ ጅራፍ እያጮኸ ያባርረዋል። አልፈርድበትም፤ የዓመት ጉርሱ ነው። ግን የሞቀን አንበጣ ማባረር ለጎረቤት ማሳ መላክ ነው። ለእኛማ ክንፍ ሳያበቅል፣ ገና ኩብኩባ ሳለ ብናገኘው በተሻለ። ክንፍ ካወጣም በኋላ ጡንቻው እስኪጠነክር ቀናት ይፈጅበታል፤ እስከዚያ ሩቅ መንገድ አይችልም።

ከጠነከረ ግን ጉድ ነው! የዴንማርኩ ተመራማሪ ቶርከል ቫይስ ፎግ አንበጣን በሚሽከረከር መሣሪያ ላይ አስሮ ለሰዓታት ያበርር ነበር። አንበጣው መጀመሪያ በደሙ ያለውን ስኳር ያነድዳል፤ ጉዞው ሲረዝም ወደ ስብ ይዞራል። ስብ ለክብደቱ የሚሰጠው ጉልበት ከስኳር እጥፍ ይበልጣል። ሳንባ የለውም፤ ከጎኑ ቀዳዳዎች የሚነሱ ቀጫጭን የአየር ቱቦዎች ጡንቻው ውስጥ ድረስ ይገባሉ፤ ክንፉን ሲያራግብም ደረቱ አየሩን ያናፍሳል። 2 ግራም የምትመዝን ነፍሳት ናት እንግዲህ! በ1988 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከምዕራብ አፍሪካ የተነሳ መንጋ በነፋስ ታግዞ አትላንቲክን ተሻግሮ ካሪቢያን ደርሷል። የምገድለውን ነገር ማድነቄ ይገርምሽ ይሆናል፤ እኔንም ይገርመኛል።

ነፋስ ሲረዳው በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከዚህ እስከ ሐረር ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ዛሬ ካመለጠኝ ነገ የባቢሌን ኦቾሎኒ በልቶ ኤረር በር ሊደርስባችሁ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ለበዓል አልመጣሁም ብለሽ አትቀየሚኝ፤ እናትሽንም አደራ፣ እንዳትቀየም አስረጂልኝ።

ቅዳሜ በማለዳ፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣ ከግቢያችን ሣር ውስጥ ፌንጣ ያዢ። በቀትር ደግሞ ሞክሪ። በየትኛው ስንት እንዳመለጠሽ ጻፊልኝ።

አባትሽ